ተራዎቹን የብር ሳንቲሞች ለምን እሰበስባለሁ

ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ የምይዘው አንድ ደብተር አለኝ። እያንዳንዱ ገጽ በአራት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በመጀመሪያው የሳንቲሙን ስምና ዓመት፣ በሁለተኛው የከፈልኩትን ዋጋ፣ በሦስተኛው በዚያ ዕለት በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር ብቻውን ያወጣ የነበረውን ዋጋ፣ በአራተኛው ደግሞ የሁለቱን ልዩነት እጽፋለሁ። ስብስቡ ከዓመታት በኋላ ምን ያህል ያወጣ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ሳንቲሞቹን ከማሳየቴ በፊት ይህን አራተኛ ዓምድ አሳየዋለሁ፤ ተራ የሚባሉት የብር ሳንቲሞች የሚያተርፉትም የሚያከስሩትም በአብዛኛው በእርሱ ነውና።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ የቋንቋ ነገር ላንሣ። በአማርኛ ማዕድኑም ብር ነው፣ ገንዘቡም ብር ነው፤ ስለዚህ «የብር ዋጋ» የሚለው አነጋገር አንባቢን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ቃሉ ሁለቱን ትርጉም የያዘው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማዕድኑ ራሱ ገንዘብ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር የነበረበት ዘመን በቃሉ ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ ብር ስል ማዕድኑን ብቻ ማለቴ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተራ የምላቸው በሚሊዮን ተቀርጸው በሚሊዮን የተረፉ፣ ከማንኛውም የሳንቲም ነጋዴ ዘንድ በሣጥንና በከረጢት ተሞልተው የሚገኙ ሳንቲሞችን ነው። አሜሪካ እስከ 1964 የቀረጸቻቸው ባለ 10፣ ባለ 25 እና ባለ 50 ሳንቲም ገንዘቦች ከመቶ 90 እጃቸው ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። የካናዳ ሳንቲሞች ከ1920 ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከሺህ 800 ክፍል፣ የስዊዘርላንድ ፍራንክ እስከ 1967 ከሺህ 835 ክፍል፣ የሜክሲኮ ፔሶ ከ1920 እስከ 1945 ከሺህ 720 ክፍል ብር ነበራቸው። እነዚህን ቁጥሮች ማወቅ የሥራው ሀ ሁ ነው። በጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የብሪታንያ ፍሎሪኖች አሉ፤ አንዱ የ1919፣ ሌላው የ1920 ነው። መጠናቸው አንድ ነው፤ ክብደታቸውም 11.31 ግራም ገደማ ሆኖ እኩል ነው፤ በላያቸው ያለውም የዚያው የንጉሥ ጆርጅ 5ኛ መልክ ነው። ነገር ግን ብሪታንያ በ1920 የብሩን መጠን ከሺህ 925 ክፍል ወደ 500 ክፍል ስላወረደችው የመጀመሪያው 10.46 ግራም ንጹሕ ብር ሲይዝ ሁለተኛው የያዘው 5.65 ግራም ብቻ ነው። ልዩነቱን ለማየት ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፤ የኋለኛው በብዛት የተነካካበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ቢጫ ይላል። ሆኖም ሻጩ ሁለቱን በአንድ ሣህን ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ ሲያቀርባቸው ዓመቱን አንብቦ የሚመርጥ ሰው ማግኘት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

እነዚህ ሳንቲሞች ከገበያ የወጡት አርጅተው ሳይሆን በውስጣቸው ያለው ብር በላያቸው ከተጻፈው ዋጋ ስለበለጠ ነው። የአሜሪካው የብር ዶላር 26.73 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 24.06 ግራሙ፣ በትሮይ አውንስ ሲሰላ 0.7734፣ ንጹሕ ብር ነው። 31.1 ግራም የሚመዝነው አንድ ትሮይ አውንስ ብር በገበያ 1.29 ዶላር ሲገባ ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ማዕድን በትክክል አንድ ዶላር ያወጣል፤ ገበያውም በ1963 እዚያ ደረሰ። ለትንንሾቹ ሳንቲሞች ወሰኑ ትንሽ ከፍ ብሎ 1.38 ዶላር ነበር፤ አንድ ዶላር የሚሞሉ ዐሥር ባለ 10 ወይም አራት ባለ 25 ሳንቲሞች በድምሩ 25 ግራም ስለሚመዝኑ 0.7234 አውንስ ብር ብቻ ይይዛሉ። ይህን ያሰላ ሰው ሁሉ የብሩን ሳንቲም ቤቱ እያስቀረ ሌላውን መክፈል ጀመረ። መጥፎ ገንዘብ ደኅናውን ከገበያ ያባርራል የሚባለው አሮጌ ሕግ ሲሠራ እንደዚህ በግልጽ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። መንግሥት በ1965 ባወጣው ሕግ ብሩን ከባለ 10ና ከባለ 25 ሳንቲሙ ጨርሶ አወጣ፤ የባለ 50ውን ደግሞ ወደ 40 እጅ ዝቅ አድርጎ እስከ 1970 አቆየው።

ከዚህ ታሪክ ሰብሳቢው የሚያገኘው አንድ ነገር አለ። ሳንቲሞቹ የተሰወሩት ጠፍተው አይደለም፤ ብራቸውን አውቆ ያስቀመጣቸው ሰው ስለበዛ ነው። የ1964 ባለ 25 ሳንቲም ዛሬ ያን ያህል የሚገኘው ዕለቱን ተደብቆ ስለተቀመጠ ነው፤ «አሮጌ ነው፣ ከገበያም ወጥቷል» ተብሎ እንደ ብርቅ ዕቃ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። እርጅና ብቻውን ዋጋ አይሆንም። የሮም ዘመን ሳንቲም ሆኖ ከአንድ ጥሩ የብር ዶላር በታች የሚሸጥ ስንት አለ።

ስለ ብርቅነት ካነሣሁ የሞርጋንን ዶላር ታሪክ ማለፍ አልችልም። ይህ ሳንቲም ስሙን ያገኘው ከቀራጩ ከጆርጅ ሞርጋን ሲሆን ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 ለመገበያያ ተቀርጿል። የተቀረጸው ሕዝቡ ስለፈለገው አልነበረም፤ በ1878 የወጣ ሕግ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ ሳንቲም እንዲያስቀርጽ ስላስገደደው ነው። ሰው ከባዱን ሳንቲም ከመሸከም ወረቀቱን ይመርጥ ስለነበር ዶላሮቹ ሺህ ሺህ እየሆኑ በከረጢት ታስረው በግምጃ ቤቱ ውስጥ ተከማቹ። በ1918 ፒትማን በተባለው ሕግ መሠረት ከ270 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ቀለጡ፤ የአብዛኞቹ ብርም በብሪታንያ በኩል ወደ ሕንድ ተላከ። ሕጉ የቀለጡት በሌሎች እንዲተኩ ያዝዝ ስለነበር በ1921 በአንድ ዓመት ብቻ ከ86 ሚሊዮን በላይ ሞርጋን ተቀረጸ፤ ለዚህም ነው የ1921ዱ ከሁሉ ተራ የሆነው።

የቀለጡት ከየትኛው ዓመት ስንት እንደሆኑ ግን የመዘገበ አልነበረም። ስለዚህ የተቀረጸውን ብዛት የሚናገረው ሰንጠረዥ የተረፈውን ብዛት አይነግርም፤ ሰብሳቢዎችም የቀረውን በግምት ያሟሉት ነበር። በ1903 በኒው ኦርሊንስ የተቀረጸው ዶላር ከአራት ሚሊዮን በላይ ቢሆንም ያልተነካካው ከቶ ስለማይታይ ሁሉም ቀልጧል ተብሎ ታመነና አንዱ ከሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። በ1962 መጨረሻ ግምጃ ቤቱ ለገና ሰሞን ያረጁ ከረጢቶችን ሲያወጣ ያ የጠፋ የተባለው ሳንቲም በከረጢት ሙሉ ወጣ፤ ዋጋውም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ዐሥር ቤት ወረደ። ከአንድ ወር በፊት ቁጠባውን አውጥቶ አንዱን የገዛ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። እኔ ከዚህ የያዝኩት፣ ብርቅነት ሌላ ሰው የሚነግረኝ ነገር ሲሆን የብሩ ክብደት ግን እኔው በራሴ ሚዛን የማረጋግጠው ነገር መሆኑን ነው። ብርቅ ሳንቲም አይገዛም እያልኩ አይደለም፤ የሚገዛው ሰው ምን እየገዛ እንደሆነ ከእኔ አብልጦ ማወቅ ይኖርበታል።

ታዲያ የብሩስ ዋጋ ይታመናል ወይ? እዚህ ላይ ሻጮች የሚያሳዩት ሥዕል ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ነው፤ መስመሩ የሚጀምርበትን ዓመት ግን መራጮቹ እነርሱ ናቸው። በ1979 መጀመሪያ አንድ አውንስ ብር 6 ዶላር ገደማ ነበር። አሜሪካውያኑ ባለጸጎች ኔልሰን በንከር ሀንትና ወንድሙ ዊልያም ኸርበርት ሀንት በብዛት እየገዙ ሲያከማቹ በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር ተጠጋ፤ በመጋቢት 27 ቀን 1980 ደግሞ ከ11 ዶላር በታች ወረደ። በ2001 መጨረሻ ከ4 ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። በሚያዝያ 2011 እንደገና ወደ 49 ዶላር ቢደርስም አልቆየም፤ የ1980ውን ጫፍ በግልጽ ያለፈው በጥቅምት 2025 ነው። በ1980 ጫፍ ላይ የገዛ ሰው ቁጥሩን መልሶ ለማየት 31 ዓመት ጠብቆ እንኳ ገንዘቡን አላገኘም፤ በመካከሉ የዶላር የመግዛት ዐቅም ስለወረደ የ1980ው 50 ዶላር በ2011 ሲሰላ ከ130 ዶላር በላይ ነበር። ብር ወለድ አይከፍልም፣ ኪራይም አያመጣም፣ በሣጥን ተቀምጦ ያው ክብደቱ ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ እሰበስባለሁ፤ ለጡረታዬ የማስቀምጠውን ግን በዚህ መንገድ አላስቀምጥም።

ሳንቲም ከጥፍጥፍ ብር የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ደብተሩን በማገላበጥ ቀስ በቀስ የተረዳሁት ነው። የብር ዋጋ በወደቀበት ዘመን የሞርጋን ዶላር ከማዕድኑ ጋር እኩል አልወደቀም። በ2001 በውስጡ ያለው ብር ከ3 ዶላር ብዙም ባይርቅም በዚያ ዋጋ የሚሸጥልህ ነጋዴ አልነበረም፤ ሳንቲሙን ስለ ሳንቲምነቱ የሚፈልገው ሰብሳቢ ከሥር ይዞት ነበር። ብሩ በድንገት ሲሰቀል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ የሰብሳቢው ጭማሪ እየቀለጠ ይሄድና የተነካካ ሳንቲም በማዕድኑ ዋጋ ብቻ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች፣ ይሸጣል። በሌላ አነጋገር አራተኛው ዓምድ ብር ሲረክስ ይሰፋል፤ ብር ሲወደድ ይጠባል። ብዙ ሰው የሚገዛው በወሬው ሰሞን ብር ሲወደድ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣው ተጨማሪ ክብደት መግዛት ሳይሆን የተሻለ መልክ ያለውን ሳንቲም በተነካካው ዋጋ መምረጥ ነው ባይ ነኝ።

ዓምዱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ በቁጥር ላሳይ። አንድ ሳንቲም ከብሩ ዋጋ 10 ከመቶ በላይ ከፍዬ ብገዛና ስሸጥ ነጋዴው ከብሩ ዋጋ 5 ከመቶ ቀንሶ ቢወስደኝ፣ ያወጣሁትን ብቻ ለማግኘት ብሩ 16 ከመቶ ያህል መወደድ አለበት። ጭማሪው 30 ከመቶ ከሆነ ብሩ ከሠላሳ ስድስት ከመቶ በላይ እስኪወደድ ኪሳራ ላይ ነኝ። በሚያምር ሣጥንና በምስክር ወረቀት ታጅበው የሚሸጡ ተራ ሳንቲሞች ጭማሪያቸው ከዚህም ይበልጣል፤ ሣጥኑን መልሶ የሚገዛ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ክብደትን በሚመለከት አንድ ሳንቲም ብቻ ነጥዬ ላንሣ፤ ማርያ ቴሬዛ ታለር ነው፣ በአማርኛ ጠገራ ብር የሚባለው። እቴጌይቱ የሞቱት በ1780 ስለሆነ ዓመቱ እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በበርሚንግሃምና በቦምቤይ ሲቀረጽ ሁሉም ላይ የሚነበበው 1780 ነው። ሙሶሊኒ በ1935 ቅርጹን የመጠቀም መብት ከኦስትሪያ ለ25 ዓመት ሲወስድ የሌሎቹ አገሮች ነጋዴዎች ታለር ስለቸገራቸው ብሪታንያና ፈረንሳይ ራሳቸው መቅረጽ ጀመሩ። ስለዚህ «የ1780 ሳንቲም አለኝ፣ ስንት ያወጣል?» የሚል ጥያቄ ሲደርሰኝ ሳንቲሙ በጠያቂው አያት ዘመን የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ብሩ ከሺህ 833 ክፍል፣ ንጹሕ ብሩም 23.39 ግራም ነው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ጽሑፉ ለጌጥ ብቻ አልተቀረጸም፣ ጠርዙን የሞረደ ሰው ፊደሉን ማጥፋቱ ስለማይቀር ወዲያው ይታወቅበታል። የአንገት ጌጥ ሆኖ የኖረ ታለር ከላይ በኩል የተበሳ ቀዳዳ ወይም የተበየደ ቀለበት ዱካ ይኖረዋል፤ እንዲህ ያለው ለሰብሳቢ ብዙ ዋጋ ባይኖረውም ብሩ እንዳለ ነው፤ ሲገዛም በክብደቱ ብቻ ነው የሚገዛው።

ሐሰተኛ ታለር የገጠመኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ያወቅሁትም በውኃ ነው። ማግኔት አልሳበውም፤ ይህ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ መዳብንና ነሐስንም ማግኔት አይስባቸውም። መልኩ ጥሩ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 27.2 ግራም መዘነ፤ ለተነካካ ሳንቲም የሚያስጠረጥር ክብደት አይደለም። ከዚያ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩና ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስሬ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳይነካ ውኃው ውስጥ እንዲንጠለጠል አደረግሁ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ክብደት ነው፤ የሳንቲሙን ክብደት ለዚህ ቁጥር ማካፈል እፍግታውን ይሰጣል። ንጹሕ ብር 10.49 ነው፤ ከመዳብ ጋር የተደባለቀው የታለር ብር ከ10.2 ብዙም አይርቅም። የእኔው 3.05 አሳየ፤ ሲካፈል 8.92። ይህ የመዳብ ሠፈር ነው። ፈተናውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ በክሩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን አዛብቶት ይሆናል ብዬ፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ነበር። አንድ መቶኛ ግራም የሚለይ ሚዛን ከአንድ ተራ ሳንቲም ባልበለጠ ዋጋ ይገኛል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ መንገድ ሳልፈትን ትልልቅ ሳንቲም አስገብቼ አላውቅም።

ከራሴ ጥፋቶች ሁሉ የማፍርበት ግን ሐሰተኛ መግዛቴ አይደለም። በጀማሪነቴ የገዛሁት፣ በሳንፍራንሲስኮ በ1881 የተቀረጸ ሞርጋን ዶላር ነበረኝ። ዓመቱ ተራ ነው፤ ሳንቲሙ ግን በብርሃን ሥር ሲዞር ከመሐሉ ወደ ዳር የሚሽከረከር እንደ መንኮራኩር ጨረር ያለ ነጸብራቅ ነበረው። ጠርዙ አካባቢ ቡናማና ሰማያዊ የሆነ ጥቁረት ነበረበትና አላስደሰተኝም። የመጋገሪያ ሶዳ በውኃ አላቁጬ በጣቴ አሸሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ሳንቲሙ እንደ ማንኪያ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ እኔም በሥራዬ ኮርቼ አስቀመጥኩት። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ነጋዴ ሳሳየው በመብራት ሥር አንድ ጊዜ ዘንበል አድርጎ አየውና ምንም ሳይናገር በክብደት ከሚገዛቸው ክምር ላይ አኖረው። የዚያ ነጸብራቅ ምንጭ ሳንቲሙ ሲመታ ብሩ ወደ ዳር የፈሰሰበት በዓይን የማይታይ ጥቃቅን መስመር ነው፤ እኔ በሶዳው ጠርጌ ያጠፋሁት እርሱን ነው። በምትኩ ሳንቲሙ ላይ በተቀረጸችው ሴት ጉንጭ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጭረቶች ቀርተዋል። ደብተሩ ላይ ከስሙ ጎን አንድ ቃል ብቻ ጽፌያለሁ፤ «ሶዳ»።

ጥቁረቱ ራሱ ምን እንደሆነ ያኔ ባውቅ ኖሮ አልነካውም ነበር። ብር ከአየር ውስጥ ካለው የድኝ ጋዝ ጋር ሲገናኝ በላዩ ላይ ስስ የሰልፋይድ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ብርሃን የሚመለስበት መንገድ ስለሚለወጥ መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊና ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። ይህ በዝግታ የመጣ ቀለም ለብዙ ሰብሳቢዎች ጉድለት ሳይሆን ሳንቲሙ እንዳልተነካ የሚመሰክር ማስረጃ ነው፤ ደስ ለሚል ቀለም ጭማሪ የሚከፍሉም አሉ። ነገሩን አውቀው ሳንቲም በድኝ እያጠኑ የሚያቀልሙ አጭበርባሪዎች መኖራቸው ደግሞ የዚህ ፍቅር ሌላው ገጽ ነው።

አቀማመጥን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ሳንቲም በጠርዙ ይያዛል፤ ገጹ በጣት አይነካም። የላስቲክ ማሰሪያ፣ ሱፍ፣ ተራ ካርቶንና አንዳንድ እንጨት ድኝ ወይም አሲድ ስለሚያወጡ አጠገቡ አይቀመጡም። በጣም አደገኛው ለስላሳው የፒ ቪ ሲ ፕላስቲክ ኪስ ነው፤ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር እያወጣ ብሩን ይበላዋል። ጉዳቱ ገና ከላይ ከሆነ በንጹሕ አሴቶን ነክሮ ማውጣት ይቻላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ግን ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት አይሆንም። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊስተር ችግር የለባቸውም። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ሣጥኑ ውስጥ ይጨመራል፤ አለቀ።

ሳንቲምን አስመርምሮ በፕላስቲክ ማሸግም እንደዚሁ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ሳንቲምን ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ እየመዘኑ ያሽጉታል፤ መለኪያው ዊልያም ሼልደን የሚባል ሰው በ1949 ለቀደምት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። ዋጋው በአንድ ነጥብ ብቻ በእጥፍ ለሚለወጥ ሳንቲም ማሸጉ ይጠቅማል። በብሩ ዋጋ ለሚሸጥ የተነካካ ዶላር ግን የማሸጊያው ክፍያ ራሱ አራተኛውን ዓምድ ያሰፋዋል እንጂ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።

በቅርቡ የሸጥኩት አንድ ጥቅል ባለ 25 ሳንቲም ነበር፤ 40 ፍሬ፣ በላያቸው በተጻፈው ዋጋ 10 ዶላር። አዲስ ሳሉ 250 ግራም ይመዝኑ ነበር፤ እኔ ከመሄዴ በፊት ስመዝናቸው 247.5 ሆነዋል፤ የጎደለው 2.5 ግራም ባለፉባቸው ኪሶችና ጠረጴዛዎች ላይ ቀርቷል። ንጹሕ ብራቸው 7.16 አውንስ ነው ማለት ነው። ገዢው ሳይመዝን በነጋዴዎች ልማድ ለአንድ ዶላር 0.715 አውንስ አድርጎ 7.15 አለኝ፤ ለተነካካ ሳንቲም የሚያገለግለው ይህ ቁጥር ከእኔ ሚዛን ጋር እንዲህ ተቀራርቦ ሳየው ደስ አለኝ። ብር በተወደደበት ሰሞን ስለነበር ከሣህኑ የሚመረጥ ካለ እንድመርጥ ፈቀደልኝና ለግማሽ ሰዓት ያህል በመብራቱ ሥር ሞርጋኖችን ሳገላብጥ ቆየሁ። አብዛኞቹ የ1921 ነበሩ፤ የሴትዮዋ ጉንጭ የተላጨ፣ በጀርባቸው ያለው የንስር ደረት ላባ የጠፋበት። ከሥር አንድ የ1889 ወጣ፤ ላባው በአብዛኛው አለ፤ ጠርዙ አካባቢ ቡናማና ሰማያዊ ጥቁረት አለበት፤ ሶዳም አልነካውም። ዋጋውን ጠየቅሁ፤ እንደሌሎቹ በክብደቱ ነው አለኝ። ቤቴ ገብቼ በውኃ ፈተንኩት፤ 10.3 ወጣ። ከዚያ ደብተሩን ከፍቼ በአራተኛው ዓምድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜሮ ጻፍኩ።